አምባሳደር ጥላቻን ያስቆማል?

ጋሽ ደምሴ በወጣትነታቸው የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የፕሮቶኮል ሠራተኛ ነበሩ፤ ዛሬ በጡረታ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ይኖራሉ። ሰላማዊት የጓደኛቸው ልጅ ናት፤ ሕግ ትማራለች። የመመረቂያ ጽሑፏ የአሜሪካ ሴኔት የአምባሳደር ሹመት እንዴት እንደሚያጸድቅ የሚመረምር ሲሆን፣ ለአብነት የወሰደችው የታሪክ ምሁሯን የዴቦራ ሊፕስታድትን ጉዳይ ነው። ሊፕስታድት በ2021 የታጨችው የአይሁድ ጥላቻን በዓለም ዙሪያ እንድትከታተልና እንድትታገል ነበር። ሁለቱ በዚህ ጉዳይ ላይ ያደረጉት ክርክር የሚከተለው ነው፤ ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ጋሽ ደምሴ፦ መጀመሪያ ይኼን አስረጂኝ። እኔ የማውቀው አምባሳደር ወደ አንድ አገር ይላካል፤ የሹመት ደብዳቤውን ለርዕሰ ብሔሩ ያቀርባል፤ ከዚያ በኋላ የሁለቱን መንግሥታት ጉዳይ ሲያመላልስ ይኖራል። ይቺ ሴትዮ የተላከችው ወዴት ነው?

ሰላማዊት፦ ወደ አንድ አገር አይደለም ጋሽ ደምሴ፣ ወደ ሁሉም ነው። ቢሮዋ እዚሁ ዋሽንግተን፣ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ውስጥ ነበር። ኮንግረስ በ2004 ሕግ አወጣ፤ ፕሬዚዳንት ቡሽ በኦክቶበር ፈረሙበት። ሕጉ መሥሪያ ቤቱን ሁለት ነገር አዘዘው፦ በየአገሩ በአይሁድ ላይ የሚፈጸመውን በሪፖርት እንዲያወጣና ይኼንኑ የሚከታተል ልዩ መልእክተኛ እንዲኖረው። በጃንዋሪ 2021 ደግሞ ሌላ ሕግ መጣና መልእክተኛው የአምባሳደር ማዕረግ ይኑረው፣ ሴኔትም ያጽድቀው ተባለ። በአዲሱ ሕግ መጀመሪያ የታጨችው ሊፕስታድት ናት።

ጋሽ ደምሴ፦ ቢሮው ይቋቋምልን ብሎ የጠየቀው ራሱ ውጭ ጉዳይ ነው?

ሰላማዊት፦ የለም፤ እንዲያውም ተቃውሞ ነበር። የሰብአዊ መብት ጉዳይ የሚከታተል ክፍል አለን፣ ለአንድ ሕዝብ ለይተን ቢሮ ብንከፍት አድልዎ ይመስልብናል አሉ።

ጋሽ ደምሴ፦ እኔም በቦታቸው ብሆን የምለው እሱኑ ነበር። ለአንዱ ከከፈትሽ ለኩርዱስ? ለሮሂንጋውስ? በየጊዜው የሚበደል ሕዝብ ሞልቷል።

ሰላማዊት፦ ክርክሩ ቀላል አልነበረም። ነገር ግን በተወካዮች ምክር ቤት ሕጉን የገፋው ማን እንደሆነ ይመልከቱ። ቶም ላንቶስ ይባላል፤ ቡዳፔስት የተወለደ አይሁዳዊ ነው። ከናዚዎች እልቂት ተርፎ የአሜሪካ ኮንግረስ አባል የሆነ ሰው እሱ ብቻ ነው። በ1944 ገና ጎረምሳ ሳለ ከግዳጅ ሥራ ካምፕ አምልጦ የተጠለለው ራውል ዋለንበርግ ባዘጋጀው ቤት ውስጥ ነበር። ዲፕሎማት አንድ ነገር ማድረግ እንደሚችል ላንቶስ ከመጽሐፍ አይደለም ያወቀው።

ጋሽ ደምሴ፦ ዋለንበርግን እንኳ አውቀዋለሁ። በእኛ ሥራ የቆየ ሰው የማያውቀው አይመስለኝም። በስዊድን ሌጋሲዮን ጸሐፊ ተብሎ በጁላይ 1944 ቡዳፔስት ሲገባ የ31 ዓመት ሰው ነበር፤ ያውም ነጋዴ እንጂ በዲፕሎማትነት ያደገ አይደለም። ለአይሁዶቹ የሚታደለውን የመከላከያ ወረቀት አዲስ መልክ አወጣለት፦ ቢጫና ሰማያዊ ቀለም፣ ሦስቱ የስዊድን ዘውዶች፣ ማኅተም፣ ፊርማ። በዓለም አቀፍ ሕግ ይኼ ነው የሚባል ዋጋ አልነበረውም። ግን ሹም ሆኖ የማኅተም ነገር የማይገባው የለም። ሹሞቹ ያንን ወረቀት ሲያዩ ይመለሱ ነበር፤ በዚህም ሺዎች ተረፉ።

ሰላማዊት፦ የላከውስ ማነው?

ጋሽ ደምሴ፦ ስዊድን ናታ።

ሰላማዊት፦ ስዊድን ማዕረጉን ሰጠች። ሐሳቡ የመጣው ግን ሩዝቬልት በጃንዋሪ 1944 ካቋቋሙት የጦርነት ስደተኞች ቦርድ ነው። ገንዘብም የአሜሪካ አይሁዶች የዕርዳታ ድርጅት አዋጣ። አሜሪካ ከሃንጋሪ ጋር ጦርነት ላይ ስለነበረች ሰው መላክ አትችልም፤ ገለልተኛዋ ስዊድን ትችላለች። አንዱ የማይገባበትን በር ሌላው ገባበት። ዓለም አቀፍ ትብብር ስል ይኼን ማለቴ ነው።

ጋሽ ደምሴ፦ ትብብር ስትይ ኤቪያንንም አትርሺ። ጁላይ 1938፣ ፈረንሳይ አገር፣ ሐይቅ ዳር። የጀርመንና የኦስትሪያ አይሁድ ስደተኞችን እንረዳለን ብለው 32 አገሮች ተሰበሰቡ። ሁሉም አዘነ። ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ በቀር በሬን ሰፋ አድርጌ ልክፈት ያለ ግን አልነበረም። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በዚያው ሐይቅ ዳር፣ ጄኔቭ ላይ፣ ንጉሠ ነገሥታችን ለመንግሥታቱ ማኅበር አቤት ብለው ምን እንዳገኙ ታውቂያለሽ። እኔ ጉባኤና መግለጫ ሲባል ላም አለኝ በሰማይ የሚሆንብኝ ለዚህ ነው።

ሰላማዊት፦ ትክክል ነዎት፤ ግን ምሳሌዎ የሚያግዘው እኔን ነው። ከኤቪያን የወጣው ነገር አቅም የሌለው ኮሚቴ ነበር። ዋለንበርግ ደግሞ ጉባኤ አልጠራም፤ ሥልጣን ተሰጥቶት፣ ቦታው ላይ ተገኝቶ፣ በየዕለቱ የአንድን ሹም በር ሲያንኳኳ የኖረ ሰው ነው። ሹመቱን የምደግፈው ከጉባኤው በኋላ ያንን በር የሚያንኳኳ ሰው ስለሚያስፈልግ ነው።

ጋሽ ደምሴ፦ እሺ፣ ወንበሩን ተቀበልኩሽ እንበል። ሴትዮዋስ? ፕሮፌሰር ጥሩ ዲፕሎማት አይወጣውም። ያወቀውን ሁሉ መናገር ይወዳል።

ሰላማዊት፦ በ1947 ኒውዮርክ የተወለደች፣ አትላንታ በሚገኘው ኤመሪ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመታት ያስተማረች ናት። ዓለም ያወቃት ግን በለንደን ፍርድ ቤት ነው። በ1993 የናዚዎችን እልቂት ስለሚክዱ ሰዎች መጽሐፍ ጻፈች፤ ከነዚህ መካከል ዴቪድ ኧርቪንግ የሚባለውን እንግሊዛዊ ጸሐፊ ጠቀሰች። እሱ በ1996 ስሜን አጥፍተዋል ብሎ እሷንና አሳታሚዋን ፔንግዊንን ከሰሰ።

ጋሽ ደምሴ፦ ካጁ ራሱ ከሳሽ ሆነ! የሌባ ዓይነ ደረቅ መልሶ ልብ ያደርቅ።

ሰላማዊት፦ የእንግሊዝ ችሎት ደግሞ ይመቸው ነበር። አሜሪካ ቢሆን የተጻፈው ውሸት መሆኑን ማስረዳት የከሳሹ ሸክም ነው። በእንግሊዝ ሕግ ግን ያልኩት እውነት ነው ብሎ ማስረዳት በተከሳሹ ላይ ይወድቃል። ችሎቱ በጃንዋሪ 2000 ተከፈተ። ኧርቪንግ ያለ ጠበቃ ለራሱ ቆመ። የሊፕስታድት ጠበቆች ሁለት ነገር ወሰኑ፦ እሷ ምስክር ሆና እንዳትቆምና ከአውሽዊትዝ የተረፉ ሰዎችም እንዳይጠሩ።

ጋሽ ደምሴ፦ የተረፉትን ትቶ ማን ሊመሰክር?

ሰላማዊት፦ ሰነዱ። እነዚያን አዛውንቶች ኧርቪንግ በመስቀለኛ ጥያቄ እንዲያዋርዳቸው አልፈለጉም። በምትካቸው የካምብሪጁ የታሪክ ፕሮፌሰር ሪቻርድ ኤቫንስ የኧርቪንግን መጻሕፍት ይዞ፣ የግርጌ ማስታወሻዎቹን እየተከተለ ወደ ምንጫቸው ወረደ። አንዱን ልንገርዎ። ኖቬምበር 30 ቀን 1941 የናዚ ባለሥልጣኑ ሂምለር ከሂትለር ዋና መምሪያ ሆኖ ለበታቹ ለሃይድሪክ ስልክ ደወለ። በስልክ መዝገቡ ላይ፣ ከበርሊን የተነሣ የአንድ ባቡር አይሁዶች እንዳይገደሉ የሚል አጭር ማስታወሻ በእጁ ጻፈ። ኧርቪንግ ከዚህች መስመር ተነሥቶ፣ ሂትለር አይሁድ እንዳይገደሉ አዟል የሚል ታሪክ ሠራ። መዝገቡ የሚናገረው ግን ስለ አንድ ባቡር ነው፤ የሂትለር ትእዛዝ የሚል ነገር የለበትም። በባቡሩ የመጡት አንድ ሺህ ያህል ሰዎች ደግሞ በዚያው ቀን ጠዋት ሪጋ አጠገብ ተረሽነዋል።

ጋሽ ደምሴ፦ ስልኩ ሲደወል ሞተው ነበር ማለት ነው?

ሰላማዊት፦ ሞተው ነበር።

ጋሽ ደምሴ፦ አንድ ባቡር ተነሥቶ አንድ ሕዝብ ሙሉ ሆነ። ይኼ የንባብ ስሕተት አይደለም።

ሰላማዊት፦ ዳኛውም ያሉት ይኼንኑ ነው። ቻርልስ ግሬይ ኤፕሪል 11 ቀን 2000 ፍርዳቸውን ሰጡ፦ ኧርቪንግ ማስረጃን ሆን ብሎ ያጣመመ፣ እልቂቱን የካደ፣ አይሁድን የሚጠላ ዘረኛ ነው አሉ። ለእኔ ግን ከፍርዱ ይልቅ በኋላ ያደረገችው ይበልጥብኛል። በ2006 ኦስትሪያ ይኼንኑ ሰው እልቂቱን በመካዱ ሦስት ዓመት እሥራት ስትፈርድበት ሊፕስታድት ተቃወመች። ሐሰት በማስረጃ እንጂ በእሥር ቤት አይረታም ባይ ናት።

ጋሽ ደምሴ፦ ዓመታት ፍርድ ቤት ያንከራተታትን ሰው?

ሰላማዊት፦ እሱኑ።

ጋሽ ደምሴ፦ ይኼኛው ገባኝ። ለዲፕሎማሲ ሰው ስትመርጪ ባላጋራውን እንዴት እንደሚመታ ብቻ አታይም፤ የት ላይ እጁን እንደሚሰበስብም ታያለሽ። ታዲያ እንዲህ ያለችን ሴት ለማጽደቅ ምን አስቸገራቸው?

ሰላማዊት፦ ፕሬዚዳንት ባይደን ያጯት በጁላይ 30 ቀን 2021 ነው። የሴኔቱ የውጭ ግንኙነት ኮሚቴ ለጥያቄ ያቀረባት ፌብሩዋሪ 8 ቀን 2022 ነው። ስድስት ወር አለፈ። አንዱ ምክንያት ትዊተር ላይ የጻፈችው ነው። የዊስኮንሲኑ ሪፐብሊካን ሴናተር ሮን ጆንሰን ስለ ኮንግረሱ ሕንፃ፣ ስለ ካፒቶል ወረራ የተናገሩትን ነገር የነጭ የበላይነት አስተሳሰብ ነው ብላ ነበር።

ጋሽ ደምሴ፦ ሰውዬው ቢቆጡ ታዲያ ምን ይገርማል? እኔም ብሆን የምጠይቃት ነገር ይኖረኝ ነበር።

ሰላማዊት፦ አይገርምም። እሷም በኮሚቴው ፊት በአነጋገሯ እንደምታዝን ተናገረች፤ እሳቸው ግን አልደግፋትም አሉ። መብታቸው ነው። እኔን የሚከነክነኝ መጠየቃቸው አይደለም፤ ለመጠየቅ ስድስት ወር መፍጀቱ ነው። በዚያ መሐል ኮሊቪል ደረሰ።

ጋሽ ደምሴ፦ የቴክሳሱ?

ሰላማዊት፦ አዎ። ጃንዋሪ 15 ቀን 2022፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ጸሎት ላይ። ከእንግሊዝ አገር የመጣ መሣሪያ የያዘ ሰው ረቢውንና ሦስት ምእመናንን በምኩራባቸው ውስጥ አገተ። የፈለገው ቴክሳስ ውስጥ የታሠረች አንዲት ፓኪስታናዊት እንድትፈታለት ነበር። ምኩራብ ምን አገባው ቢሉ፣ አይሁድ አሜሪካን በስውር ያዛሉ፣ አንድ ስልክ ቢደውሉ ትፈታለች ብሎ ያምን ነበር። ወደ ኒውዮርክ ለአንዲት ረቢ ስልክ አስደወለ። አንዱ ታጋች ቀደም ብሎ ተለቀቀ፤ ወደ 11 ሰዓት ከቆየ እገታ በኋላ ረቢው ወንበር ወረወረበትና የቀሩት ሮጠው ወጡ።

ጋሽ ደምሴ፦ ሰውየው የእንግሊዝ፣ እሥረኛዋ የፓኪስታን፣ ምኩራቡ የቴክሳስ። ወሬው ደግሞ የየትም አገር። ይኼ በአንድ ከተማ ፖሊስ የሚያልቅ ነገር አይደለም።

ሰላማዊት፦ ከዚያ በኋላ ትጽደቅ የሚለው ጥያቄ ጠነከረ። ማርች 29 ቀን ኮሚቴው 13 ለ9 አሳለፋት፤ ከሪፐብሊካኖቹ ማርኮ ሩቢዮና ሚት ሮምኒ ደገፏት። በማግሥቱ ሙሉ ሴኔቱ አጸደቃት። ግን የከፋው መዘግየት የእሷ አይደለም። ቀድሞ ልዩ መልእክተኛ የነበረው ኢራ ፎርማን በጃንዋሪ 2017 ከቦታው ከለቀቀ በኋላ ኤላን ካር የተሾመው በፌብሩዋሪ 2019 ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ልዩ መልእክተኛ አልነበረም። በነዚያ ሁለት ዓመታት ውስጥ ቻርለትስቪል ላይ ችቦ የያዙ ሰዎች አይሁድ አይተኩንም እያሉ ተሰለፉ፤ ፒትስበርግ ላይ ደግሞ በምኩራብ ውስጥ 11 ሰዎች ተገደሉ።

ጋሽ ደምሴ፦ ቆይ፣ እዚህ ላይ አታጭበርብሪኝ። ወንበሩ ቢሞላ ኖሮ ፒትስበርግ አይደርስም ነበር ልትይኝ ነው?

ሰላማዊት፦ አልልም። የቢሮው ሥራ የውጭ አገሩ ነው፤ የአገር ውስጡን የሚይዙት ፍትሕ ሚኒስቴርና ኤፍቢአይ ናቸው። የምለው ይኼን ያህል ነው፦ እንዲህ ያለ ነገር በገዛ አገሯ ሲደርስ አሜሪካ ሌላውን መንግሥት የምትጠይቅበት አፍ አልነበራትም።

ጋሽ ደምሴ፦ በዚህ እስማማለሁ። ማዕረጉም ቢሆን እናንተ ተማሪዎች እንደምታስቡት ጌጥ አይደለም። እኛ ዘንድ እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የምንጠይቀው ደረጃውን ነበር። የመምሪያ ኃላፊ ከሆነ የሚቀበለው የመምሪያ ኃላፊ ነው፤ ሻይ ጠጥቶ ይሄዳል። አምባሳደር ከሆነ ሚኒስትሩ ጋ ይገባል፤ የተባለው ነገር ይመዘገባል፤ መልስም ይጠበቃል። ኮንግረስ ማዕረጉን ሲጨምር ያደረገው ይኼንኑ ነው። ለመሆኑ ሴትዮዋ በተከፈተላት በር ገባችበት?

ሰላማዊት፦ የመጀመሪያ ጉዞዋ ወዴት ይመስልዎታል? በ2022 ክረምት፣ ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ። ከዚያ እስራኤልና የተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች። ሳዑዲ በመማሪያ መጻሕፍቷ ውስጥ ባለው የአይሁድ ጥላቻ ለዓመታት ስትወቀስ የኖረች፣ በቅርብ ጊዜ ግን መጻሕፍቱን ማረም የጀመረች አገር ናት። ሊፕስታድት ወዳጅ አገር ሄዳ መጨባበጥ ትችል ነበር።

ጋሽ ደምሴ፦ ብልሃት ነው። የሚስማማሽን ሰው አሳምኜ መጣሁ ማለት ሥራ አይደለም። ሌላስ?

ሰላማዊት፦ ቡዌኖስ አይረስ። በዚያች ከተማ ጁላይ 18 ቀን 1994 የአይሁድ ማኅበረሰብ ማእከሉ በቦምብ ፈርሶ 85 ሰዎች ሞተዋል። ሠላሳኛው ዓመት ሲታሰብ፣ በጁላይ 2024፣ የልዩ መልእክተኞች ስብሰባ እዚያ ተደረገና የአይሁድ ጥላቻን ለመከላከል 12 ነጥብ ያለው ዓለም አቀፍ መመሪያ ወጣ። ከሠላሳ በላይ አገሮች ደገፉት።

ጋሽ ደምሴ፦ ያስገድዳል?

ሰላማዊት፦ አያስገድድም፤ ራሱ መመሪያውም ይኼን ይናገራል።

ጋሽ ደምሴ፦ ይኸው! ኤቪያን ተመለሰች።

ሰላማዊት፦ አይቸኩሉ። የሚጠይቀውን ይዩት። ባለሥልጣናት ፈጥነው ያውግዙ፣ ጉዳዩን የፓርቲ መጫወቻ አያድርጉት፣ ወንጀሉን ይቁጠሩ፣ አንድ ኃላፊ ይሹሙ፣ ምኩራብና ትምህርት ቤት ይጠብቁ ይላል። ይኼ በጀት ያለው፣ የሚታይ ሥራ ነው። ለምሳሌ ጥበቃውን እንውሰድ። ኦክቶበር 9 ቀን 2019፣ በአይሁድ የስርየት ቀን፣ ሀለ በምትባል የጀርመን ከተማ አንድ ሰው መሣሪያ ይዞ ምኩራብ ደጃፍ ደረሰ። ውስጥ ሃምሳ ያህል ሰው እየጸለየ ነው። በሩ ላይ ደጋግሞ ተኮሰ፤ የእንጨቱ በር አልከፈትም አለው። በንዴት አንዲት መንገደኛና አጠገቡ ካለ ከባብ ቤት አንድ ሰው ገደለ። በዚያ ቀን ደጁ ላይ ፖሊስ አልነበረም። ያዳናቸው በሩ ብቻ ነው።

ጋሽ ደምሴ፦ በዚያን በመሰለ ቀን ጠባቂ የለም?

ሰላማዊት፦ አልነበረም። ጀርመን ውስጥ ትልቅ ቁጣ ያስነሣው ይኸው ነው። ሌላም አለ። ሰውየው ጀርመናዊ ነው፤ ግን ግድያውን በኢንተርኔት በቀጥታ ሲያሰራጭ መናገር የጀመረው በእንግሊዝኛ ነው። በዚያው ዓመት በማርች ኒውዚላንድ፣ ክራይስትቸርች ውስጥ 51 ሙስሊሞችን በመስጊድ የገደለውም ቀጥታ አሰራጭቶ ነበር። ገዳዮቹ ድንበር ተሻግረው እርስ በርስ እየተማሩ ነው። ጠባቂዎቹ ብቻ በየአገራቸው ተቀምጠው ይቆዩ?

ጋሽ ደምሴ፦ እሺ፣ አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንምጣ። ብዙ ሰው በልቡ ይዞት አፉን የሚይዝበትን ልናገር። ይኼ ቢሮ እስራኤልን የሚተቸውን ሁሉ የአይሁድ ጠላት ማለቻ አይሆንም? ጋዛ ላይ የሞቱት ሕፃናት ያሳዘኑት ሰው ዝም ይበል?

ሰላማዊት፦ ፍርሃቱ መሠረት የሌለው አይደለም። በ2016 ቡካሬስት ላይ ተሰብስቦ የነበረው የእልቂቱን መታሰቢያ የሚከታተል የመንግሥታት ኅብረት አንድ የአይሁድ ጥላቻ ትርጓሜ አጸደቀ። 11 ምሳሌዎች አሉት፤ ከነሱ የሚበዙት እስራኤልን የሚነኩ ናቸው። ትርጓሜው ሌላ አገር ላይ በሚሰነዘረው ዓይነት ትችት እስራኤልን መተቸት የአይሁድ ጥላቻ አይደለም ይላል። ያም ሆኖ መነሻውን በዋናነት ያረቀቀው ኬኔት ስተርን ራሱ፣ በዩኒቨርሲቲዎች ንግግር ለማፈን እየዋለ ነው ብሎ በአደባባይ ተቃውሟል። በ2021 ደግሞ ሌሎች ምሁራን የኢየሩሳሌም መግለጫ የሚባል አማራጭ አውጥተዋል።

ጋሽ ደምሴ፦ ስለዚህ?

ሰላማዊት፦ ስለዚህ የሚሾመው ሰው ማንነት ወሳኝ ነው። የኔታንያሁን መንግሥት መተቸትና ብሩክሊን ውስጥ ኮፍያ ያደረገን አይሁዳዊ ሽማግሌ በጋዛ ምክንያት በጥፊ መምታት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ይኼን የማይለይ ሰው ቦታው ላይ ቢቀመጥ ሁለት ጉዳት ያደርሳል፦ ትችቱን ያፍናል፤ እውነተኛውን ጥላቻ ደግሞ ማንም እንዳያምነው ያደርጋል። ሊፕስታድት በ2019 ባሳተመችው መጽሐፍ የግራውንም የቀኙንም ጥላቻ ገልጣ ተችታለች። በእስራኤል ላይ ጥቃት ከተፈጸመበት ከኦክቶበር 7 ቀን 2023 ወዲህ ሥራዋ ያለ ነቀፋ አለፈ አልልም፤ ብዙዎች ከመንግሥቷ ፖሊሲ ነጥለው አላዩአትም። ግን የራሱን ወገን ለመንካት ድፍረት ያለው ሰው ለዚህ ሥራ ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

ጋሽ ደምሴ፦ ይኼ የመጨረሻው ሚዛን ይመስለኛል። ባላጋራውን ብቻ የሚከስ ሰው ጠበቃ ነው እንጂ መልእክተኛ አይሆንም። አሁን የኛን ሰው ጥያቄ ልጠይቅሽ፤ እዚህ ሰፈር የምታገኚው ሁሉ የሚጠይቅሽን። እኛ የራሳችን ሬሳ ያልተነሣ ሰዎች፣ የአይሁድ ጉዳይ ምን ያገባናል?

ሰላማዊት፦ የፒትስበርጉ ገዳይ ለምን ያንን ምኩራብ እንደመረጠ ያውቃሉ? ሃያስ የሚባል የአይሁድ ድርጅት አለ። መጀመሪያ የተቋቋመው አይሁድ ስደተኞችን ለመርዳት ነበር፤ ዛሬ ከአፍሪካ የሚመጣውን ጭምር የማንኛውንም ሃይማኖት ስደተኛ ይረዳል። ገዳዩ ከመተኮሱ በፊት ኢንተርኔት ላይ የጻፈው ይኼ ድርጅት ወራሪዎች ያስገባብናል ብሎ ነው። ምኩራቡን ከሚጠቀሙት ጉባኤዎች አንዱ ለስደተኞች በተዘጋጀ የሰንበት መርሐ ግብር ተሳትፎ ነበር። ወራሪዎች የተባሉት እኮ እኛ ነን ጋሽ ደምሴ። እርስዎ፣ እናቴ፣ ይኼ ሰፈር። በእሱ አስተሳሰብ ስደተኛው ሎሌ ነው፤ ከጀርባ ሆኖ የሚያስገባው ደግሞ አይሁዱ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የተኮሰው በአይሁዱ ላይ ሆነ።

ጋሽ ደምሴ፦ ነግ በኔ ነዋ።

ሰላማዊት፦ ነግ በኔ አይደለም፤ ያኔውኑ በእኛ ነበር።

ጋሽ ደምሴ፦ እኔም አንድ ነገር ልጨምርልሽ። ጎንደር አጠገብ ወለቃ የምትባል መንደር አለች። ቤተ እስራኤሎቹ እዚያ ሸክላ ይሠሩ ነበር፤ ወንዶቹ ብረት ይቀጠቅጣሉ። ርስት ስለተከለከሉ በእጃቸው ነበር የሚያድሩት። ገበሬው ማረሻውን ከነሱ ያሠራል፤ ሴቱ ድስትና ጀበናውን ከነሱ ይገዛል። ሲመሽ ደግሞ ቡዳ ናቸው፣ ጅብ ሆነው ይወጣሉ፣ ሰው ይበላሉ ይባላል። ልጅ ሲታመም ዓይናቸው ነው ይባላል። እንግዲህ አስቢው፤ መሬት እንኳ የሌለው ድኻ ባለእጅ፣ በሰው ሕይወትና ሞት ላይ ስውር ሥልጣን አለው ተባለ። የኮሊቪሉ ሰው ምን አለ ነበር ያልሽኝ?

ሰላማዊት፦ አንድ ስልክ ቢደውሉ አሜሪካ ትታዘዛለች።

ጋሽ ደምሴ፦ የአውሮፓው ጥላቻ ሌላ ታሪክ አለው፤ አላመሳስለውም። አሠራሩ ግን አንድ ነው፦ የሌለውን ሥልጣን ይሰጡታል፣ ከዚያ በሰጡት ሥልጣን ይከስሱታል። በእኛም አገር ይኼ ክስ ከቤተ እስራኤል ወደ ሌላው ሲዛወር አይተናል። ዛሬ በየስልኩ ላይ እገሌ የሚባለው ብሔር በስውር ይገዛናል እየተባለ የሚጻፈውን አንቺም ታነቢዋለሽ።

ሰላማዊት፦ ታዲያ ለእኛም እንዲህ ያለ ቢሮ ያስፈልገናል ማለት ነው?

ጋሽ ደምሴ፦ ቢሮውን ለታሪክ እንተወው። መጀመሪያ የሌላውን ወንበር ጉዳይ ጉዳያችን እናድርግ። ኮንግረስ ውስጥ ላንቶስን የመሰለ አንድ ሰው ባይኖር ያ ሕግ አይወጣም ነበር፤ የሚደግፈው ሰው ባይኖርም አያልፍም ነበር። እኛ እዚህ አገር በምርጫ ድምፅ እንሰጣለን፤ ሴናተሮች አሉን። ኢትዮጵያን የሚነካ ነገር ሲመጣ ስልክ መደወል እናውቅበታለን። ለሌላው ስንደውል ግን አልታየንም።

ሰላማዊት፦ ሊፕስታድት በጃንዋሪ 2025 ከባይደን መንግሥት ጋር ለቃለች። ፕሬዚዳንት ትራምፕ በዚያው ዓመት የሁዳ ካፕሉን የሚባል ረቢ አጩ። ከዚያም በኋላ ሌላ ይታጫል። ድጋፌ ለአንዲት ሴት ወይም ለአንድ ፓርቲ ከሆነ ክርክሬ ሁሉ እዚህ ላይ ይፈርሳል።

ጋሽ ደምሴ፦ እንግዲያው ለአንባቢሽ በግልጽ ጻፊለት። የሚታጨው ዲሞክራትም ይሁን ሪፐብሊካን፣ ረቢም ይሁን ፕሮፌሰር፣ ታሪኩን ያውቃል ወይ ብለህ ጠይቅ በይው። መንግሥትን መተቸትና ሕዝብን መጥላት ይለያያሉ ብሎ ያምናል ወይ? ጥላቻው ከራሱ ወገን ሲመጣ ይናገራል ወይ? መልሱ አዎ ከሆነ ለሴናተርህ ጽፈህ ደግፈው፤ አይደለም ከሆነም ጽፈህ ተቃወመው። በዚህም ሆነ በዚያ፣ ሴኔቱ ሰውየውን በጊዜው አቅርቦ ይጠይቀው፣ በጊዜውም ይወስን። ወንበሩ ሁለት ዓመት ባዶ የሚቀመጥበት ምንም ምክንያት የለም።